ቤዝ በኪሎ አይመዘንም፦ ስለ ቀላል አምፕ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚናገረው በምግብ ቤቶች፣ በሆቴል አዳራሾችና በትንንሽ የጃዝ ምሽቶች የምንሠራ ቤዚስቶች ከባዱን አምፕ፣ ማለትም የቤዝ ጊታራችንን ድምፅ ማጉያ፣ እየተውን በክብደት ወደ ቀላሉ ስለ መዞራችን ነው። ጸሐፊው የቤዝ ድምፅ ከመድረክ እየሳሳ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። ጽሑፉን ለእኔ የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ሲሆኑ ሦስቱም ከሥሩ «ይህ ለአንተ ነው» ብለው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። 31 ኪሎ የሚመዝነውን ኮምቦዬን (ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን የሆኑትን) ሸጬ ሦስት ኪሎ የማይሞላ ሄድ (ማጉያው ብቻ) እና 14 ኪሎ የሚመዝን ባለ አንድ 12 ኢንች ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ከገዛሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ ክሱ እኔንም የሚነካ ስለሆነ መልስ ልስጥ።

አስቀድሜ የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው በመጀመሪያ ክብደትና ድምፅ አይነጣጠሉም ይላሉ፤ የብረቱ፣ የማግኔቱና የእንጨቱ ክብደት ለቤዙ «ሥጋ» ይሰጠዋል፣ ቀላሉ አምፕ ግን አጥንት ብቻ ነው የሚል ነው ሐሳባቸው። ቀጥለውም በቀላሎቹ አምፖች ላይ የሚጻፈው ዋት ሐሰት መሆኑን ለማሳየት፣ የእርሳቸው አሮጌ ባለ 150 ዋት ኮምቦ የአንድ ወጣት ባልደረባቸውን ባለ 500 ዋት አምፕ በአንድ ልምምድ ላይ ውጦ እንዳስቀረው ይተርካሉ። ሦስተኛው ክሳቸው እንዲህ ያለ ስስ መሣሪያ የእኛን አገር መብራት አይችልም፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አይገኝም የሚል ነው። አራተኛ፣ ቤቱ ትንሽም ቢሆን ሰው ቤዙን በደረቱ ሊሰማው ይገባል፣ በትንሽ አምፕና ወደ ሚክሰር በተዘረጋ ገመድ የሚሠራ ቤዚስት ድምፁን ለሳውንድ ማኑ አስረክቧል ይላሉ። በመጨረሻም የቀድሞዎቹ ቤዚስቶች ከባዱን እየተሸከሙ ታሪክ እንደሠሩ አስታውሰው የዛሬውን ልጅ ሸክም ፈሪ ብለውታል።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ፤ ሌሎቹ የተደገፉት በእርሱ ላይ ነውና። የቆየ ባለ ትራንዚስተር ኮምቦ ተፈትቶ ያየ ሰው ክብደቱ የት የት እንደተከማቸ ለማወቅ አይቸገርም። መጀመሪያ የሚገኘው ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት የሚቀበለው ትራንስፎርመር ነው። የእኛ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ በዚህ ዝግ ያለ ምልልስ ብዙ ኃይል ለማሳለፍ ብዙ ብረትና ብዙ መዳብ ያስፈልጋል። በቀላሎቹ አምፖች ውስጥ ያለው ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይ ግን መብራቱን አስቀድሞ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ለውጦ በሴኮንድ አሥር ሺዎች፣ አንዳንዴም ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየቆራረጠ ስለሚያሳልፈው፣ ያንኑ ኃይል በመዳፍ ውስጥ በምትገባ ትራንስፎርመር ያስተላልፋል። የድሮው አዳፕተር እንደ ድንጋይ ከብዶ ትንሽ ኃይል ሲሰጥ፣ የዛሬው የላፕቶፕ ቻርጀር ቀልሎ ብዙ እጥፍ የሚሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ሸክም ሙቀት ማስወጫው አሉሚኒየም ነው። ክላስ ኤቢ በሚባለው በቆየው አሠራር ማጉያው ከሚወስደው ኃይል ከፍ ያለ ድርሻ፣ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ፣ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን ያንን የሚያስወጣ ወፍራም ብረት ይፈለጋል፤ ክላስ ዲ ግን ኃይሉን በከፍተኛ ፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ለስፒከሩ ማድረስ ይችላል። (ጸሐፊው «ዲ» ዲጂታል ማለት ነው ብለዋል፤ አይደለም፤ ከኤ፣ ከቢና ከሲ ቀጥሎ በተራ የደረሰው ፊደል ነው።) ሦስተኛው የስፒከሩ ማግኔት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው የኒዮዲሚየም ማግኔት የከባዱን የፌራይት ማግኔት ሥራ በጥቂት ክብደት ይሠራል። አራተኛው ሳጥኑ የተሠራበት እንጨት ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ መካከል ድምፁ ራሱ የሚያልፍበት የትኛው ነው? ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት የሚቀበለው ትራንስፎርመር የቤዙን ድምፅ አያሳልፍም፤ ኃይል ብቻ ያቀብላል። ሙቀት ማስወጫውም እንዲሁ ነው። ማግኔቱን በተመለከተ ለስፒከሩ ጥቅል ሽቦ የሚያስፈልገው የመስኩ ጥንካሬ ነው፤ መስኩ ከአንድ ኪሎ ማግኔት ይምጣ ከአራት ኪሎ ጥቅሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር በግልጽ መስጠት አለብኝ። በባለ ቫልቭ አምፕ (ከትራንዚስተር በፊት በነበረው የመስታወት ቱቦ በሚሠራው) ውስጥ ከቫልቮቹና ከስፒከሩ መካከል የሚቀመጥ ሌላ ትራንስፎርመር አለ፤ በእርሱ ውስጥ ድምፁ በእርግጥ ያልፋል፣ የብረቱ መጠንም በተለይ በዝቅተኛዎቹ ኖታዎች ላይ ለውጥ ያመጣል። ጸሐፊው የሚከራከሩት ስለ ባለ ቫልቭ አምፕ ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ የምጽፍበት ምክንያት ግማሹ ይወድቅ ነበር። ነገር ግን እርሳቸው የሚያወድሱት፣ እኔም የሸጥኩት፣ በከተማችን ልምምድ ቤቶች ጥግ ተቀምጦ የምናየውም ባለ ትራንዚስተሩ ነው፤ ባለ ትራንዚስተሩ ደግሞ እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ብዙውን ጊዜ የለውም። ስለ እንጨቱም ቢሆን ማገር ሳይገባበት በስስ ጣውላ የተሠራ ካቢኔት አብሮ እየተንቀጠቀጠ ድምፁን እንደሚያደፈርሰው አምናለሁ። ይህ የአሠራር ጉድለት ነው፤ በደንብ የታሰረ ቀላል ፕላይዉድ ከማይታሰር ከባድ ችፑድ ይበልጣል።

ጸሐፊው ለከባድነት ክብር ማስረጃ አድርገው የጠሩት አምፔግ ኤስቪቲን ነው። ምርጫቸው ጥሩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ይህ ባለ 300 ዋት ባለ ቫልቭ አምፕ በትልልቅ መድረኮች ላይ የቤዝን ደረጃ የቀየረ መሣሪያ ነው፤ አብሮት የሚታወቀው ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮችን የያዘው ካቢኔት ብቻውን 63 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ነገር ግን የዚያኑ ካቢኔት መግለጫ ያነበበ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። ካቢኔቱ ከ58 ሄርዝ (በሴኮንድ 58 ንዝረት) በታች ድምፁ መውረድ ይጀምራል፤ 40 ሄርዝ ላይ ሲደርስ 10 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ያህል ዝቅ ብሏል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር፣ ማለትም ክፍቱ (በጣት ሳይጫን የሚመታው) ሚ፣ 41 ሄርዝ ነው። ስለዚህ በዓለም ላይ በክብደቱ ከሚታወቁት ካቢኔቶች አንዱ የቤዙን የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ በሙሉ ጉልበቱ አያወጣም ማለት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ «ሥጋ» የመጣው ከየት ነው? የመጣው ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ካሉት፣ ከ82ና ከ124 ሄርዝ አካባቢ ካሉት ተከታይ ድምፆች ነው። ጆሮ እነዚህን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ይህን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የሚኒባስ ታክሲ ስፒከር ከ80 ሄርዝ በታች የረባ ድምፅ እንደማያወጣ ሁላችንም እናውቃለን፣ ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የድሮ ዘፈኖችን የቤዝ መስመር በቃላችን የያዝነው በዚያ ውስጥ ተቀምጠን ነው።

ድምፁን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የስፒከሮቹ አጠቃላይ ስፋት፣ የሳጥኑ ይዘትና ስፒከሩ የተሰጠውን ዋት ወደ ድምፅ የመለወጥ ብቃቱ። ኬኤልኤች በተባለው የስፒከር ኩባንያ ስም ውስጥ የመጨረሻዋ ፊደል የተወሰደችለት ጆሴፍ አንቶን ሆፍማን ያስቀመጠው ደንብ ዛሬም ይሠራል፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ጥሩ የድምፅ ብቃት ከተባሉት ሦስት ነገሮች አንድ ካቢኔት ሁለቱን እንጂ ሦስቱንም አንድ ላይ ሊያገኝ አይችልም። በደንቡ ውስጥ ክብደት የሚባል ነገር የለም፤ መጠን ግን አለ። የጸሐፊው ጆሮ ትንሹ ሳጥን እንደሚደክም ሲነግራቸው አልዋሻቸውም፤ እርሳቸው ግን የሳጥኑን ማነስ ከክብደቱ ማነስ ጋር አንድ አድርገው ቆጠሩት። ትልቅ ሆኖ ቀላል የሆነ ካቢኔት ቢያጋጥማቸው ይህ ልዩነት ወዲያው ይገለጥላቸው ነበር።

ወደ ዋቱ ስንመጣ ግማሽ ያህል ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ በተለይ ስማቸው በማይታወቅ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበት ጫፍ ወይም ከነጭራሹ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የልምምዱ ታሪክ ግን ውሸት የሚባል ነገር ሳያስፈልገው በሒሳብ ይፈታል። አንድ ሄድ «500 ዋት» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በ4 ኦም ነው (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው)፤ በአንድ ባለ 8 ኦም ካቢኔት ላይ ሲሰካ የሚሰጠው ከ250 እስከ 300 ዋት ገደማ ነው። ከ150 ዋት ወደ 300 ዋት መውጣት ደግሞ ድምፁን እጥፍ አያደርገውም፤ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል። አሁን የአሮጌው ኮምቦ ባለ 15 ኢንች ስፒከር በሰፊ ሳጥን ውስጥ በአንድ ዋት 100 ዴሲቤል፣ የወጣቱ ትንሽ ካቢኔት ደግሞ 95 ዴሲቤል የሚሰጡ ናቸው እንበል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት የተለመደ ነው። በሄዱ የተገኘው 3 ዴሲቤል በካቢኔቱ 5 ዴሲቤል ተበልቶ አሮጌው በ2 ዴሲቤል ይመራል። ወጣቱ ያንኑ ሄዱን ከጸሐፊው ካቢኔት ጋር ሰክቶት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ተገልብጦ ይጻፍ ነበር፤ ስለዚህ ምሽቱ ያሳየው ወጣቱ ካቢኔት አመራረጥ ላይ መሳሳቱን ነው።

የመብራቱ ጉዳይ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው፤ እኔም በዚህ ነገር ተነክቻለሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ ምግብ ቤት እየሠራን፣ ከወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ በተጣደ ቁጥር በመድረኩ ላይ ያሉት አምፖሎች ደብዘዝ ይሉ ነበር። መድረኩና ወጥ ቤቱ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው የገባኝ በአንድ ትዝታ መሃል አምፔ ጥፍት ብሎ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ራሱ ሲበራ ነው። መብራቱ ከሚፈቅድለት ዝቅተኛ መጠን በታች ሲወርድ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋል፤ ለመሣሪያው መልካም ነው፣ ዘፋኟ ግን በእነዚያ ሴኮንዶች ያየችኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጸሐፊው ይህን ቢሰሙ «አላልኩም?» ይሉኛል። ነገር ግን የእርሳቸው አምፕ በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ይደርስበት ነበር? የቆየው ትራንስፎርመር የገባለትን ያህል ነው የሚያወጣው፤ 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ በውስጡ ያለው ቮልቴጅም አብሮ ይወርዳል፣ አምፑ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል ደግሞ ከነበረው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። አይጠፋም፤ ነገር ግን ድምፁ ቀድሞ መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ባለቤቱም የመብራቱን ጥፋት የስፒከር ወይም የራሱ እጅ ጥፋት አድርጎ ይቆጥረዋል። በጀርባቸው ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ የተጻፈባቸው ቀላል አምፖች ግን 180 ቮልትን ሳይሰማቸው ያልፉታል። የእኔው እንዲህ ያለ አልነበረም፤ የአምፑን ጀርባ ሳላነብ መግዛቴ የእኔ ስሕተት ነው።

መብራት ሄዶ ጄኔሬተር በሚገባበት ቅጽበት የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ግን ስዊችንግ ፓወር ሰፕላይን ከከባዱ ትራንስፎርመር ይልቅ በቀላሉ እንደሚጎዳው እቀበላለሁ። የከባዱ ብረት ዝላዩን በተወሰነ ደረጃ ያለዝበዋል፤ በስዊችንግ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክፍሎች ግን ከመስመሩ ጋር ፊት ለፊት የተጋፈጡ ናቸው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን ማጥፋት፣ ጄኔሬተሩ ከተነሣ በኋላ ድምፁ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከተቻለም ዘግይቶ የሚለቅ ስታብላይዘር በቦርሳ መያዝ ግድ ነው። ቢያንስ ከወጥ ቤቱ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አለመሰካት።

ጥገናውን በተመለከተ ጸሐፊው የተናገሩት እውነት ነው፤ አላስተባብልም። የተቃጠለ የድሮ ትራንዚስተር መርካቶ ውስጥ ተመሳሳዩ ተፈልጎ ይተካል፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመርም እንደገና የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሉ። የቀላሉ አምፕ ክፍሎች ግን ከጥፍር ያነሱ ሆነው በቦርዱ ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚተካው ቦርዱ ሙሉ በሙሉ ነው፤ እርሱም እዚህ አይገኝም። ይሁን እንጂ የጥገናው ጥያቄና የምሽቱ ሥራ ጥያቄ የተለያዩ ናቸው። 31 ኪሎው ኮምቦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢበላሽ ማንም ባለሙያ በመድረክ ላይ አይጠግነውም፤ ሁለተኛ 31 ኪሎ ይዞ የሚወጣ ሰውም አይቼ አላውቅም። እኔ ግን በጊታሬ ቦርሳ ኪስ ውስጥ አንድ ዲአይ ቦክስ (ቤዙን ያለ አምፕ በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) እይዛለሁ፤ ሄዱ ቢሞት ጃኩን ነቅዬ እዚያ ላይ እሰካና ምሽቱ በሞንታርቦው ይቀጥላል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ሄድ ይዞ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ስድስት ኪሎ አይሞሉም።

ስለ ደረት የተባለው የስሜት ጉዳይ ስለሆነ በጥንቃቄ ልናገር። ቤዝ መሰማት ብቻ ሳይሆን መዳሰስም አለበት የሚለው ከእኔም እምነት የራቀ አይደለም፤ ያለ እርሱ ችክችካው መሬት አይረግጥም። ጥያቄው ያ ስሜት በሃምሳ ሰው ቤት ውስጥ የሚመጣው ከየት ነው የሚል ነው። ክፍቱ ሚ በአየር ላይ የሚጓዘው ከስምንት ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ሞገድ ነው። ርዝመቱ ስምንት ሜትር የሆነ ክፍል ደግሞ በራሱ ተፈጥሮ በ43 ሄርዝ አካባቢ ያስተጋባል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከግድግዳው አጠገብ የተቀመጠው እንግዳ ጽዋው ሲንቀጠቀጥ፣ ከግድግዳው የክፍሉን ርዝመት ሩብ ያህል ርቆ የተቀመጠው ደግሞ ያንኑ ኖታ ጨርሶ ላይሰማው ይችላል። አምፑን ማክበድም ሆነ ማስጮህ ይህን አያስተካክለውም፤ ግድግዳ አጠገብ ያለውን ሰው ብቻ ነው የሚያባርረው። ቦታ መቀየር ግን ያስተካክለዋል። ትንሽ አምፕ ወለል ላይ፣ ወደ ጥግ ተጠግቶ ሲቀመጥ ግድግዳዎቹ ዝቅተኛውን ድምፅ በብዙ ዴሲቤል ያግዙታል፤ ከበዛ በወንበር ላይ ከፍ ይደረጋል። 17 ኪሎ ዕቃ ያለው ሰው ይህን በድምፅ ሙከራ ጊዜ አራት ቦታ እየሞከረ ይለየዋል። 31 ኪሎ የነበረኝ ጊዜ ግን አስተናጋጁ ያሳየኝ ቦታ ላይ ካስቀመጥኩት በኋላ አልነካውም ነበር።

ስለ ሳውንድ ማኑም ቢሆን «ማስረከብ» የሚለው ቃል ነገሩን ያዛባዋል። በትንሽ መድረክ ላይ የድምፁን ጣሪያ የሚወስነው ድራሙ ነው፤ ከድራሙ በላይ የሚጮህ የቤዝ አምፕ በዘፋኟ ማይክ ውስጥ ገብቶ በሞንታርቦው በኩል ተደፍርሶ ይመለሳል። አምፑ ለእኔና ለድራመሩ በቂ ሆኖ የቀረው በገመድ ሲወጣ ግን ሳውንድ ማኑ የሚቆጣጠረው ንጹሕ ነገር ያገኛል። በባህል ምሽት ቤቶች ቤዝ ክራር የሚጫወቱ ሰዎች በብዙ ቦታ እንዲሁ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ነው የሚገቡት፤ ስሜት ጎደለ ብሎ እስክስታውን ያቆመ ሰው ግን አላየሁም። እርግጥ ነው ጸሐፊው እንደሚሉት በአንዳንድ ቤት ሳውንድ ማን የተባለው ሰው የቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ ይገኛል፤ ያለው መሣሪያም በቋሚ ላይ የተሰቀሉ፣ ለድምፃዊ ብቻ የታሰቡ ሁለት ሞንታርቦዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ቤት ገመዱ አያድንም፤ ቤቱን መሸከም ያለበት አምፑ ነው። መልሱ ግን ወደ 31 ኪሎ መመለስ ሳይሆን ከቀላሎቹ መካከል ለዚያ የሚበቃውን መምረጥ ነው። ለምሳሌ ፌንደር ራምብል 100 የተባለው ኮምቦ አሥር ኪሎ ሲሆን ለልምምድና ጸጥ ላለ ምሽት ይሆናል፤ የዚያው ቤተሰብ የሆነው ራምብል 500 ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ይዞ 16 ኪሎ ተኩል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው፤ በድምፅ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለ ቀደምቶቹ የተነሣውን በአጭሩ ልለፈው። ጸሐፊው የአይቤክስ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን ጠርተዋል፤ ስሙ ሲነሣ ሁላችንም ኮፍያ እናወልቃለን። ነገር ግን አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዋልያስ በሒልተን ቋሚ ቤት የነበራቸው ባንዶች ናቸው፤ ቋሚ ቤት ያለው ባንድ መሣሪያውን በየምሽቱ የሚያጓጉዝበት ምክንያት የለውም። የዛሬው ቤዚስት ሐሙስ ቦሌ፣ ዓርብ ካዛንቺስ፣ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ነው፤ ከዚያም ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ከባዱን በያዝኩባቸው ዓመታት ደረጃውን ወጥቼ ስጨርስ ግራ እጄ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ እጅ ደግሞ ክር የሚይዘው እጅ ነው። የውጪውን ታሪክ ካነሣንም እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣውና በብዙ ስቱዲዮዎች የተወደደው አምፔግ ቢ-15 ኃይሉ 25 ዋት ብቻ ነበር (ለመሸከም ቀላል ነበር ግን አልልም)። የአሜሪካው የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ደግሞ በስቱዲዮ ውስጥ ቤዙን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየሰካ ነበር የሚቀዳው።

የምስማማባቸው ሌሎች ነጥቦች ቀርተዋል። በድንኳን ሰርግና በማንኛውም ሜዳ ላይ የሚያግዝ ግድግዳ ስለሌለ ትንሹ አምፕ ይሟሟል፤ እዚያ በቂ ሞንታርቦ ከሌለ ከባዱ ይምጣ። ባለ አምስት ክር ቤዝ የሚጫወት ሰውም የታችኛው ሲ (በእንግሊዝኛ ፊደል ቢ) 31 ሄርዝ መሆኑን አስቦ ባለ አንድ 10 ኢንች ኮምቦ ላይ ተስፋ ባይጥል ይሻላል። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ የሚሠራ ከባድ አምፕ ያለው፣ መኪናና ጤነኛ ወገብ ያለው ሰው ሸጦ ይለውጥ ብዬ አልመክርም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት «ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ስሙ» በማለት ነው። ግብዣቸውን በሦስት ቅድመ ሁኔታዎች እቀበላለሁ፦ ሁለቱም አምፖች በየተራ በአንዱ ካቢኔት ላይ ይሰኩ፣ ድምፃቸው በመለኪያ እኩል ይደረግ፣ የሚሰማውም ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ይሁን። የእኔን በሚኒባስ ይዤው ስለምመጣ ለእኔ የትም ቢሆን ይመቸኛል፤ የእርሳቸው መኪናና ሁለት ሰው የሚፈልግ ስለሆነ ቦታውን እርሳቸው ይምረጡ፣ ቢቻል ምድር ቤት ቢሆን።